ኩበት፣ እንጀራና ሃይድሮጅን፤ ከመካነ ሰላም ሲታይ



ሃይድሮጅን የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ጭስ የማያወጣ አውቶቡስ፣ ወደ ጠፈር የሚተኮስ ሮኬት፣ በባሕር ዳርቻ የተተከለ ግዙፍ የጋዝ ጋን በዓይነ ሕሊና ይታያል። የደቡብ ወሎው የቦረና ገበሬ ግን ቃሉን ሰምቶት ባያውቅም እንኳ ሃይድሮጅንን በየዓመቱ በገንዘቡ ይገዛል። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በአህያ ተጭኖ ወደየቀበሌው የሚወርደው ነጭ የዩሪያ ጆንያ የሃይድሮጅን ሥራ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለማምረት 57 ኪሎ ግራም ያህል አሞንያ፣ ያን አሞንያ ለማግኘት ደግሞ 10 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል።

ስለ ሆነም ሃይድሮጅን ወደ ኢትዮጵያ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር ጊዜው አልፎበታል፤ ከገባ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ሊያከራክር የሚገባው ሃይድሮጅኑ ከምን ይሠራ፣ የት ይሠራ፣ ለሥራው የሚውለው የኤሌክትሪክ ኃይልና ገንዘብስ ከማን ድርሻ ላይ ይነሣ የሚለው ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ቦረና የሚዘልቀውን መንገድ የተጓዘ ሰው የደጋውን መልክ ያውቀዋል። በስተ ምሥራቅ የለጋምቦ ቁርና ውርጭ፣ በስተ ምዕራብ ቁልቁል የተሰነጠቀው የዓባይ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም። መካነ ሰላም ራስዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደንቆሮ በሚባለው ስፍራ የተረፈው ጥንታዊ ጫካ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ ከዚያ ውጭ የሚታየው ዛፍ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። እርሱም ቢሆን ለቤት መሥሪያና ለሽያጭ ስለሚፈለግ ለምድጃው የሚተርፈው ኩበት ነው። በበጋ ወራት በየደጃፉ ተስተካክሎ የሚከመረው ኩበት የባለቤቲቱን ትጋት ይመሰክራል፤ አፈርን ለሚመረምር ባለሙያ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነው።

ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሹ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከጓሮ አያልፍም። አፈሩን አለስልሶ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽ ከነጭራሹ ይጠፋል። እንግዲህ የደጋው ቤተሰብ በመስከረም ወይም በጥቅምት ጠፍጥፎ ያደረቀውን ናይትሮጅን በምድጃው አንድዶ፣ በሰኔ ያንኑ ናይትሮጅን ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፣ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ፣ በአቀስታ በኩል ሲደርስለት በብድር ይገዛዋል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ፍግ ማሳ እንደሚያጠግብ ከአያት ከቅድመ አያቱ ተምሯል፤ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ሌላ ማገዶ ነው።

በጆንያው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከየት እንደሚመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ከሚመረተው አሞንያ እጅግ የሚበዛው ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ፣ በቻይና ደግሞ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ነው። ስለዚህም የጋዝ ዋጋ ሲንቀጠቀጥ የመካነ ሰላም ገበያ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲታከልበት፣ በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዩሪያ ዋጋ ከ2021 መባቻ ጋር ሲነጻጸር ከሦስት እጥፍ በላይ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ደግሞ ማዳበሪያው በወቅቱ ባለመድረሱ የአማራ ክልል ገበሬዎች ቅሬታቸውን በአደባባይ ማሰማታቸው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ዘር ከተዘራ፣ ቡቃያው ከበቀለ በኋላ የሚደርስ ዩሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. እስከ 2050 የምታወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ በምድርዋና በደንዋ ከሚመጠጠው ጋር ለማመጣጠን አቅዳለች። ይህ በሌላው ዓለም የተጣራ ዜሮ እየተባለ የሚጠራው ግብ ነው። በዚህ ዕቅድ ውስጥ የሃይድሮጅን ስፍራ የቱ ነው? መልሱ በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሊገባበት በማይችለው ሥራ ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ ውኃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ሲያወጣ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉ በሙቀት መልክ ይጠፋል። ሃይድሮጅኑ በመኪና ውስጥ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን ደግሞ ከቀረው ግማሽ ያህሉ ይባክናል። በባትሪ የሚሄድ መኪና በዚያው ኤሌክትሪክ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ርቀት ይጓዛል። በሃይድሮጅን እንጀራ እንጋግር የሚል ሰው ቢነሣም ምክሩ ውኃ ቀድቶ በወንፊት እንደ መሸከም ነው። ለአሞንያ ግን ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ናይትሮጅን ከአየር ሊገኝ ይችላል፤ ከእርሱ ጋር የሚዋሐደው ሃይድሮጅን ግን ወይ ከጋዝና ከከሰል፣ ወይ ከውኃ መምጣት አለበት።

ከውኃ ማምጣት አዲስ ጥበብ ሆኖ ሲወራ ይሰማል። አዲስ አይደለም። ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ በርዩካን ሸለቆ በፏፏቴ ኤሌክትሪክ ከውኃ ሃይድሮጅን እየሠራ ማዳበሪያ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። በፔሩ ደጋ፣ በኩስኮ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የካቺማዮ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቁሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በውኃ ኃይል ሃይድሮጅን ሲሠራ ኖሯል። ይህም የደጋ አየር መሳሳት ለሥራው እንቅፋት እንዳልሆነ ያሳያል። ምርቱ ግን በአብዛኛው የሚሄደው ለገበሬው ማሳ ሳይሆን ለማዕድን ማውጫ ፈንጂ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጉባኤ ቅርብ የሆነው የአስዋን ታሪክ ነው። ኪማ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የግብፅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር ሃይድሮጅኑን ያገኝ የነበረው በአሮጌው የአስዋን ግድብ ላይ በተተከለው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ኃይል ውኃን በመሰንጠቅ ነበር። ያ ውኃ ከየት ይወርድ እንደ ነበር ሁሉም ያውቀዋል። በበሽሎና በዓባይ በኩል ከወሎና ከጎጃም ደጋ የታጠበው ደለል የግብፅን ማሳ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያለማ ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው ታላቁ የአስዋን ግድብ ደለሉን በሐይቁ አስቀረው። የግብፅ ገበሬም ከወንዙ ያጣውን በፋብሪካ ማዳበሪያ መተካት ግድ ሆነበት። እንግዲህ ከዓባይ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን፣ ከሃይድሮጅኑ ማዳበሪያ የመሥራት ሐሳብ በወንዙ ግርጌ ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በራስጌው ገና በወረቀት ላይ ነው። ኪማም ቢሆን በውኃው አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2020ዎቹ መግቢያ በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ተተክቷል። ርዩካንም ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ መባቻ የኤሌክትሪክ ሃይድሮጅኑን አቁሞ ነበር። ምክንያቱ በሁለቱም ዘንድ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ጋዝ ረክሶ ኤሌክትሪክ ለሌላ ሥራ ተፈለገ።

የዚምባብዌው የክዌክዌ ፋብሪካ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። ሴብል ኬሚካልስ የተባለው ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከካሪባ ግድብ በሚመጣ ኃይል በዓለም ላይ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነ የሃይድሮጅን መሥሪያ ያንቀሳቅስ ነበር። በአገሪቱ የኤሌክትሪክ እጥረት ሲጠና ፋብሪካው የሚወስደው ኃይል ዐይን ውስጥ ገባ፤ የሚከፍለውም ዋጋ አከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሃይድሮጅን መሥሪያው ቆመ፤ አሞንያውም ከውጭ አገር በባቡር መምጣት ያዘ። ቤቶች በጨለማ ውስጥ ባሉበት አገር ትልቁን ሽቦ ለብቻው የያዘ ፋብሪካ ውሎ አድሮ ጠያቂ አያጣም። ኢትዮጵያም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለችም፤ ከሕዝብዋ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም፤ ካገኘውም የሚበዛው የሚያበራው አምፖል እንጂ የሚያግለው ምጣድ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ማቅረብ ይገባል። ከውኃ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ናይትሮጅኑን ከአየር ለመለየትና ሁለቱን ጋዞች ለመጭመቅ የሚወስደው ሲጨመርበት፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ 550 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። በሌላ በኩል የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በዓመቱ 550 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መገጣጠማቸው በአጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ነገሩን በግልጽ ያሳያሉ። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚሠራው ኤሌክትሪክ የአንድን ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ይጋግራል። 10 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ ወይም የ10 ሚሊዮን ቤተሰብ እንጀራ፣ ሁለቱም ለየራሳቸው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ ከሚጠበቀው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ከሲሶ በላይ ይወስዳሉ።

የትኛው ይቅደም? በናይትሮጅን ብቻ የሚመዝን ሰው ሃይድሮጅኑን ይመርጥ ይሆናል። ይህን ያህል እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ለመጋገር የሚነደው ኩበት፣ የእሳቱን ብክነት አስቦ ሲሰላ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ደረቅ ኩበት ከመቶው አንድ ተኩል ያህል ናይትሮጅን አለው ቢባል፣ ምጣዱ ወደ ማሳው የሚመልሰው 15 ኪሎ ግራም ነው፤ የዩሪያው ኩንታል ግን 46 ኪሎ ግራም ይዟል። ከፍግ የሚገኘው ናይትሮጅን ደግሞ ሁሉም በአንድ ክረምት ለሰብሉ አይደርስም። ቢሆንም ሚዛኑ የሚያዘነብለው ወደ ምጣዱ ነው። ምጣዱ ከ15 ኪሎው ጋር ብስባሹን፣ ፎስፈረሱን፣ ፖታሹን ለማሳው ይሰጣል፤ እንጀራውን ይጋግራል፤ ኩበት ስትለቅም፣ ስትጠፈጥፍና ጭስ ስትታጠን የምትውለውን ሴት ያሳርፋል። ዩሪያው ከጆንያው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ደግሞም ብስባሹ ያለቀበት አፈር ዩሪያውን ራሱን በወጉ አይዝም፤ የመጀመሪያው የሐምሌ ጎርፍ ይዞት ወደ ሸለቆው ይወርዳል።

ነገር ግን ምጣድና ሃይድሮጅን ለአንድ ኪሎዋት የሚጣሉ ባላንጣዎች ናቸው ብሎ መደምደም የመሐንዲስ ሥራ አይሆንም። የመካነ ሰላም ኩሽና ኤሌክትሪክ ያጣው በጉባ ውኃ ስላነሰ አይደለም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ነው፤ አገሪቱም ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኃይል ስትሸጥ፣ ከዚያም አልፋ ዲጂታል ገንዘብ ለሚያመርቱ የኮምፒዩተር ጎተራዎች ስታከራይ ታይታለች። የጎደለው በግድቡና በምጣዱ መካከል ያለው ነው፤ የማከፋፈያ ጣቢያው፣ መሥመሩ፣ ምሰሶው፣ ይልቁንም የሰፈሩ ትራንስፎርመር። በአንድ መንደር ውስጥ ሠላሳ ቤቶች በዓርብ ማታ በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢጥዱ ከ100 ኪሎዋት በላይ ይሳባል፤ ለአምፖል ተብሎ የተተከለ ትራንስፎርመር ይህን አይችልም። የሃይድሮጅን መሥሪያ ግን ማታ ማታ ሊያርፍ፣ ሌሊትና በክረምት ውኃው ሲተርፍ ሊሠራ ይችላል። እንደዚህ በሰዓት የሚገዛ ሠራተኛ ከሆነ ምጣዱ ያስተረፈውን ይበላል እንጂ የምጣዱን አይነጥቅም። በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ውድ መሣሪያ ወጪውን እንደማይመልስ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ይህ ሒሳብ በብዙ የሃይድሮጅን ዕቅዶች ላይ በስሱ ሲታለፍ ይታያል። እውነተኛው ሽሚያ እንግዲህ በገንዘቡ ላይ ነው። አንድ የውጭ ምንዛሪ ከረጢት ለትራንስፎርመር ይውላል ወይስ ለሃይድሮጅን መሥሪያ? ፋብሪካው የሚመረቅበት ቀን አለው፤ የቀበሌ ትራንስፎርመር መራቂ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለትራንስፎርመሩና ለምጣዱ ይውል ዘንድ በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ በቃል የሚሰጠው ተስፋ ይረሳል።

ትንንሽ ፋብሪካዎችን በየደጋው መትከል ይሻላል የሚሉም አሉ። በኬንያ በሚገኝ አንድ የለውዝ እርሻ በፀሐይ ኃይል በቀን 1 ቶን ያህል አሞንያ እንዲሠራ የታቀደ መሣሪያ ተተክሏል። እንዲህ ያለው በሙሉ ዐቅሙ ቢሠራ በዓመት ከ6,500 ኩንታል ዩሪያ ጋር የሚተካከል ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ከጅቡቲ እስከ ቦረና ያለውንም የጭነት ዋጋ ያስቀራል። ሆኖም ፈሳሽ አሞንያ መርዝ ነው፤ በጋን ውስጥ በግፊት ይቀመጣል፤ በአህያ ጀርባ በገደል መንገድ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። በማሳው ላይ ለማስገባትም በትራክተር የሚጎተት ልዩ ማረሻ ይጠይቃል። ለሞፈርና ቀንበር የተሠራው ማዳበሪያ በእጅ የሚበተነው ነው።

በእጅ የሚበተነው ዩሪያ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ዩሪያ ከአሞንያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል፤ ለአንድ ቶን ዩሪያ ከ700 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባበታል። ሃይድሮጅኑ ከጋዝ ሲሠራ ካርቦኑ እዚያው በነፃ ይገኛል። ከውኃ ሲሠራ ግን ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት፤ ለምሳሌ ከሙገርና ከደርባ ከመሳሰሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ። ያም ሆኖ ዩሪያው በማሳ ላይ ሲሟሟ ካርቦኑ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣልና የዜሮው ሒሳብ አልተዘጋም። ካርቦን የማይሻው አማራጭ ናይትሬት ነው፤ ኪማም ክዌክዌም የሠሩት ይህንኑ ነበር። ናይትሬት ግን በጃማና በከላላ እንደሚታየው ባለ መረሬ አፈር፣ ክረምት ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ በቶሎ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይባክናል። አቀማመጡም ጥንቃቄ ይሻል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የቤይሩትን ወደብ ያወደመው በመጋዘን ተከማችቶ የኖረ አሞኒየም ናይትሬት ነበር። በየወረዳው መጋዘን የሚደረደር ዕቃ ሲመረጥ ይህ መታሰብ አለበት። ባቄላና ምስር ከገብስና ከስንዴ ጋር እየተፈራረቁ ሲዘሩ ያለ ምንም ፋብሪካ ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያወርዱም በዚሁ አጋጣሚ ማንሣት ተገቢ ነው፤ የትኛውም የሃይድሮጅን ጥናት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጉድለት እንጂ ጠቅላላውን ፍላጎት መነሻው ሊያደርግ አይገባም።

አሁን የቀረበው ውሳኔ የጎዴው ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ኩባንያ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በሶማሌ ክልል በጎዴ ለማቋቋም ተፈራርመዋል፤ ወጪውም 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተገልጿል። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ ይመጣል። ለቦረና ገበሬ ከጥቁር ባሕርና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ መርከብ ከመጠበቅ የአገር ጋዝ ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ ብዙ ማከራከር አያስፈልግም። ሆኖም በዚህ ዐሥር ዓመት የሚተከል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2050 ገና በሥራ ላይ ይሆናል፤ ጋዝ አቃጥሎም ዜሮ መግባት አይቻልም።

መፍትሔው በሥዕሉ ላይ ነው። አሞንያ የሚዋሐድበት ክፍል ሃይድሮጅኑ ከጋዝ ይምጣ ከውኃ አይለይም፤ ጥራቱንና ግፊቱን ብቻ ይጠብቃል። ኪማ ከኤሌክትሪክ ወደ ጋዝ የተሻገረበትን መንገድ ጎዴ ወደ ኋላ ሊሄድበት ይችላል። ለዚህም ከአሁኑ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ከጋዝ መለወጫው በኋላ፣ ከመጭመቂያው በፊት፣ የውጭ ሃይድሮጅን የሚገባበት በቫልቭ የተዘጋ የቧንቧ መጋጠሚያ፣ ለኋላ ዘመን መሥሪያ የሚሆን ባዶ ቦታ በግቢው ውስጥ፣ ለከፍተኛ የኤሌክትሪክ መሥመር የተከለለ መተላለፊያ። መሠረቱ በተጣለበት ወቅት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን ግንብ አፍርሶ ቧንቧ ማዞር ይሆናል። የማኅበሩ የኬሚካልና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የሥዕሉን ቅጂ ጠይቀው ሊመለከቱት የሚገባው አሁን፣ የብረቱ ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት ነው።